ጋሼ ደበላ የጥር ዐሥራ ሦስቱን ጎል እንዴት እንዳየው

ጋሼ ደበላ ያመለጡትን ትልልቅ ቀኖች ከነዓመተ ምሕረታቸው ያውቃቸው ነበር። የተገኘበትን ቀን ንገረን ሲሉት ግን ጢሙን ይዞ ያስባል።

ሥራው አቃቂ ላይ የባቡር ማቋረጫ መጠበቅ ነበር። ከለገሀር የሚመጣው ሐዲድ ጣቢያው ከመድረሱ በፊት የጋሪውን መንገድ ያቋርጣል። እዚያ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ የቆርቆሮ ጎጆ፣ መንገዱን የሚዘጋ ረጅም ግንድ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ባንዲራ ነበሩት። ባቡር ሲመጣ ግንዱን ያወርዳል፤ ጋሪውን፣ አህያውን፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው ያቆማል፤ አረንጓዴውን ዘርግቶ ባቡሩን ያሳልፋል። ባቡሩ ሲያልፍ ጠባቂው ፊቱን ወደ ባቡሩ አዙሮ ከፊተኛው ጎማ እስከ መጨረሻው ፉርጎ እያየ መቆም አለበት። የተንጠለጠለ ሰንሰለት ወይም የሚጨስ ጎማ ካለ የሚያየው እሱ ነውና። በዚያ ሰዓት ጋሼ ደበላ ዝንብ ግንባሩ ላይ ብታርፍ እንኳ አያባርራትም።

እኔ ያኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምሠራ ልጃገረድ ነበርኩ። ቤታችን ከእሱና ከባለቤቱ ከእትዬ መሰለች ቤት ጋር አንድ አጥር ስለሚጋራ፣ ከምጽፈው አብዛኛውን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ቀኖቹ ያመልጡት የጀመረው ገና ሳይወለድ ነው። የመጀመሪያው ባቡር አቃቂ የገባ ዕለት ያገሬው ገበሬ ሁሉ እርሻውን ጥሎ ሊያይ ሲወጣ፣ እናቱ በእሱ ምጥ ተይዛ ቤት ቀረች። «እሷም አላየች፣ እኔም አላየሁ» ይል ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ እሱ አዋሽ ላይ ወባ ይዞት፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከውጭ እልልታ ሲሰማ የትኩሳቱ ቅዠት መስሎት ጆሮውን ደፈነ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ እሱ ለእንቁጣጣሽ በግ ሊገዛ ሞጆ ወርዶ ዘመድ ቤት ተኝቷል። በማግሥቱ በጉን ተሸክሞ ከባቡር ሲወርድ ጣቢያው ሙሉ ሰው እየዘለለ ይተቃቀፋል። «እኔ እኮ በጉን አይተው መስሎኝ ነበር» ይለናል፤ «ይሄን ያህል የሰባ ነው ወይ ብዬ አውርጄ አየሁት።»

ጣቢያው በር ላይ ጠላ የምትሸጠው ጠጄ በዚህ አትለቀውም ነበር። «አገሪቱ ድል ሲጠፋባት ደበላን ሞጆ መላክ ነው» ትላለች ሰው ሁሉ እየሰማ። «ወዲያው ይቀናታል።» እሱም አብሮ ይስቃል።

የሚወደው ነገር ቢኖር ቀኖቹ በየዓመቱ ሲመለሱ የነበረበትን ሰው ፈልጎ ማስወራት ነው። ሚያዝያ 27 ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ይጋብዝና ጎጆዋ በር ላይ በርጩማ ያቀርብላቸዋል። ፀሐይ ነበር ወይስ ደመና? ከጎንዎ የቆመው ማን ነበር? ያለቀሰ አይተዋል? ሲነግሩት አፋቸውን አያይም፤ የሚያየው ዓይናቸውን ነው። የሰውዬው ፊት ሲበራ የእሱም አብሮ ይበራል። ካለቀ በኋላ «እስቲ ከመጀመሪያው» ይላል።

በ1954 ዓመተ ምሕረት የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ፣ ቡድናችን ለመጨረሻው ጨዋታ ከግብፅ ጋር ደረሰ። ጨዋታው እሑድ ጥር 13 ነው። ስታዲየም ደግሞ ከለገሀር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው። የጋሼ ደበላ የእህት ልጅ ትኬት አመጣለት። አለቃውን አስፈቀደ። ሰቦቃ የሚባል የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ለዚያን ቀን ሊተካው ተስማማ። እትዬ መሰለች ቅዳሜ ማለዳ ካፖርቱን አራግፋ፣ የታጠበ ሸሚዙን ነፋስ እንዲያገኘው ሰቀለች። ሸሚዙ ገመድ ላይ ሲወዛወዝ ጋሼ ደበላ ሥራ ፈትቶ ሲያየው አስታውሳለሁ። ዕድሜው ወደ ሃምሳው እየተጠጋ የነበረ ሰው፣ እንደ ዓመት በዓል ልጅ አላስችል ብሎት ነበር። «እንግዲህ ሰው ነበርክበት ወይ ሲለኝ አዎ ልለው ነው» አለኝ በአጥሩ ላይ።

እሑድ ጠዋት ሰቦቃ በዱላ ተደግፎ እያነከሰ መጣ።

«ጋሼ ደበላ፣ ትናንት ሚካኤልን ስናስገባ…» አለና እግሩን አየ።

«ዘለልክ?»

«ዘለልኩ።»

«እና ምን ሆንክ?»

«መውጣቱን እንጂ መውረዱን አላሰብኩበትም።»

ቁርጭምጭሚቱ ድፎ ዳቦ አክሏል። መቆም የማይችል ሰው ማቋረጫ አይጠብቅም። ሌላ ሰው እንዳይፈለግ የበዓል ሰሞን ነው፤ ዘመድ ጋ ያልሄደ፣ ያልጠጣ ሰው ከየት ይመጣል? ጋሼ ደበላ የለበሰውን ንጹሕ ሸሚዝ ወደ ታች አየና ትኬቱን ከኪሱ አወጣ።

«እንካ፣ አንተ ሂድ» አለው። «እዚያ ቁጭ ተብሎ ነው የሚታየው። መቆም ያለው እዚህ ነው።»

ሰቦቃን ደግፈው ወደ ከተማ በሚሄደው ባቡር አሳፈሩት። ጠጄ ወሬውን ሰምታ ከበሯ ላይ ተጣራች። «በሉ አይዟችሁ! ደበላ ከቀረ ዋንጫው የኛ ነው። ብቻ ሞጆ ብትሄድልን ይበልጥ ልቤ ይረጋ ነበር።»

ሁልጊዜ የሚስቀው ሰውዬ ያን ቀን አልሳቀም። ጎጆው ገብቶ ባንዲራዎቹን ማጠፍ ጀመረ፤ የታጠፉ ነበሩ።

ይህን ያየችው እትዬ መሰለች ወደ አጥሩ መጣች። «ይሄስ አያመልጠውም» አለችኝ። «ነጠላሽን አምጪ።»

በአካባቢው ያለው አንድ ሬዲዮ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ነበር። የጣቢያው ሹም መስኮቱ ላይ አውጥቶት ሰው ከቧል። ከማቋረጫው ግን አይሰማም፤ ጩኸትም አይደርስም። በመካከሉ፣ ከሐዲዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የአሮጌ ሐዲድ ብረት ክምር አለ። ክምሩ ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ተባለ፦ ጠጄ መስኮቱ ሥር ሆና ትሰማና ወደ እኛ ትጮሃለች። እኛ ያገባን እንደሆነ ቆመን ነጠላችንን በሁለት እጃችን እንዘረጋለን። ግብፅ ያገባች እንደሆነ ቁጭ ብለን እንከናነባለን። ጋሼ ደበላ ከጎጆው በር ላይ ሆኖ ያየናል። እኔ ሰው ፊት ድምፄ ስለማይወጣ ሥራው ተስማማኝ።

ይህን ስንነግረው የጋሼ ደበላ ፊት ቀስ እያለ ተፈታ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ።

«ሐዲድ አጠገብ ምንም ነገር አይውለበለብም። ትዘረጋላችሁ እንጂ አታውለበልቡም። ነጂ የሚውለበለብ ነገር ካየ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ባቡሩን ያቆማል።»

«ለኔ ነው የምትነግረኝ?» አለች እትዬ መሰለች። «ያገባሁት አንተን ብቻ መሰለህ? ከነባቡሩ ነው።»

ጨዋታው ተጀመረ። ብረቱ ፀሐይ መትቶት ይፋጃል፤ ነጠላዬ በላብ እጄ ላይ ተጣብቋል። ኳስ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን ጣቢያው ላይ ያ ሁሉ ሰው ባንድነት ትንፋሹን ሲስብ የኔም ይያዛል። ብዙም ሳይቆይ ጠጄ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ወደ እኛ ዞረች። ግብፅ አገባች። ቁጭ ብለን ተከናነብን። በነጠላዬ ጠርዝ አጮልቄ ሳይ ጋሼ ደበላ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ትንሽ ይዞት ቆየና መልሶ አደረገው።

እረፍት ሆነ፤ እንደገና ተጀመረ። ጊዜው ሄደ። ሰው ወደ ቤቱ መበተን ሊጀምር ሲል ጣቢያው ፈነዳ። ጠጄ መናገር አቅቷት ክንዷን ብቻ ትወረውራለች። ተነሥቼ ነጠላዬን ዘረጋሁ። አንድ ለአንድ!

እትዬ መሰለችም ተነሣች። ግን አልዘረጋችም። ነጠላዋን ባንድ ጫፉ ይዛ ራሷ ላይ እያዞረች፣ ብረቱ ላይ እየዘለለች እልል ትል ጀመር።

«እትዬ መሰለች፣ አታውለብልቢ» አልኳት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ክንዷን ልይዝ ስዘረጋ ከማቋረጫው ወዲያ የባቡሩን አፍንጫ አየሁ። ከለገሀር ተነሥቶ ወደ ናዝሬት የሚወርደው የእሑድ ባቡር ነበር። ረጅም ፉጨት ነፋ፤ ጎማዎቹ ጮሁ፤ ማቋረጫው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

የእትዬ መሰለች እጅ አየር ላይ ቀረ። ወዲያው፣ ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ጠጄ እንደገና ራሷን ይዛ ጮኸች። ግብፅ ሁለተኛ አገባች። ቁጭ ብለን ተከናነብን።

የባቡሩ ነጂ አያና ይባላል፤ ቁጡ ሰው ነው። ወርዶ እየሮጠ መጣ። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን ማቋረጫው ላይ የቆሙት ባለጋሪዎች ሰምተው ነግረውናል።

«ምንድነው? ከብት ነው? ሰው ነው?»

«ጎል ነው» አለው ጋሼ ደበላ።

አያና ቁጣውን እዚያው ረሳው። «የማን?»

«የኛ።»

«ስንት ለስንት ሆነ?»

ጋሼ ደበላ ወደ ክምሩ አየ። ሁለታችንም ተከናንበን ቁጭ ብለናል። «አንድ ለአንድ ነበር» አለ። «አሁን ሁለት ለአንድ ነው፤ የነሱ።»

ተሳፋሪው በየመስኮቱ ወጥቶ ነበር። ከጥምቀት የሚመለስ፣ ትኬት ያጣ፣ ውጤቱን ሳይሰማ የተሳፈረ ሰው ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ሬዲዮ እንዳለ፣ የነጠላችንንም ምልክት ባለጋሪዎቹ ሲነግሯቸው ባቡሩ ሙሉ ጩኸት ሆነ። «ንዳው እንጂ! ምን ይገትረናል!» አያና ወደ ሞተሩ ሊመለስ ሲል ጋሼ ደበላ ቀዩን ባንዲራ ዘረጋበት።

«ባቡር በምልክት ከቆመ ሐዲዱ ሳይታይ አይነሣም።»

«ምልክቱ እኮ የሚስትህ ነጠላ ነው!»

«እሱን አይተሃል። ያላየኸውን ግን አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። እስከ ድልድዩ አይቼ እመጣለሁ።»

«ደበላ፣ በእመብርሃን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነው።»

«ለኔም እኮ ነው የሚያልቀው» አለው።

ቀዩን ሐዲዱ መሐል ተክሎ ሄደ። ከመስኮት አንድ ሽማግሌ «ግብፅ ስንት ከፈለችህ?» ብለው ጮሁበት፤ ሰው ሳቀ። ጋሼ ደበላ አንገቱን ደፍቶ ብረቱን በዓይኑ እየተከተለ፣ አንዳንዱን ብሎን በጫማው ጫፍ እየነካ በእኛ ሥር አለፈ።

«ደበላ፣ ይቅር በለኝ» አለችው እትዬ መሰለች።

«ነጠላሽን ልበሺ» አላት ቀና ሳይል።

ትንሿ ድልድይ ከክምሩ አለፍ ብላ ናት። እዚያ ሲደርስ ወደ ታች ወርዶ ጎንበስ አለ። ጀርባው ብቻ ሲታየኝ፣ ከዚያም ጀርባው ሲጠፋ፣ ጣቢያው እንደገና ፈነዳ። ሁለት ለሁለት! ነጠላዬን ዘረጋሁ፤ ባቡሩ በሙሉ አገሳ። ሰው ከፉርጎ እየዘለለ ሐዲዱ ዳር ይተቃቀፋል። እትዬ መሰለች በሁለት እጇ ዘርግታ፣ እንዳይውለበለብ ጫፉን በጥርሷ ጭምር ይዛለች።

ጋሼ ደበላ ከድልድዩ ሥር ወጣ። ሰዎቹን አየ። ልነግረው ስል «ሰማሁ» አለኝ። «እዚያ ሥርም ይሰማል።» ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ ሳያራግፍ ወደ ማቋረጫው ተመለሰ። ሲሄድ ትከሻው ወርዶ ነበር፤ እትዬ መሰለች ፊቷን አዞረች።

ጨዋታው እኩል አልቆ ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። የተበተነውን ተሳፋሪ ማሳፈር ሌላ ሥራ ሆነ። አያና እየነፋ፣ እየተሳደበ፣ እየለመነ ሰበሰባቸው። ጋሼ ደበላ ቀዩን ነቅሎ አጠፈ። አረንጓዴውን ዘረጋ። ባቡሩ በቀስታ ተንቀሳቀሰ።

እሱ እንደ ደንቡ ፊቱን ወደ ጎማዎቹ አዙሮ ቆመ። እኛ በስተግራው በኩል ነን፤ አንገቱን ትንሽ ቢያዞር ያየናል። ተሳፋሪው ግን በየመስኮቱ ተንጠልጥሎ ወደ እኛ ብቻ ነው የሚያየው። በዚያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰው እኔን ሲያይ አፍሬ መሬት ልገባ ነበር። ጠጄን አየኋት፤ አፏን ከፍታ ወደ መስኮቱ ዞራለች፤ አትንቀሳቀስም። ጣቢያው ጸጥ ብሏል። የሚሰማው የባቡሩ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው።

ከዚያ ጠጄ ማድጋዋን ረግጣ ዘለለች። ጠላው ሲፈስ ከዚያ ድረስ አየሁት። ሦስት!

ነጠላዬን ዘረጋሁ፤ እትዬ መሰለችም ከጎኔ ዘረጋች፤ እንባዋ እየወረደ ነው። ዓይኔን ጋሼ ደበላ ላይ አደረግሁ። ዙር፣ አሁንስ ዙር እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። አልዞረም። ፉርጎዎቹ ገና አላለቁም ነበር።

ያየውን በኋላ ነው የነገረን። መጀመሪያ ሕፃን የታቀፈች ሴት አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ አልነበረውም። ከእሷ ቀጥሎ የነበረ ወታደር ግንባሩን በጡጫ እየመታ ያለቅሳል። አንድ ቄስ ጥምጥማቸው ተፈትቶ በመስኮት እየተንዘለዘለ አልታወቃቸውም። ጉቦ በላህ ያሉት ሽማግሌ ግማሽ አካላቸው ውጭ ሆኖ ሲያልፉ እጃቸውን ዘርግተው የአረንጓዴ ባንዲራውን ጫፍ ነኩ። ፉርጎ አለፈ፣ ፉርጎ መጣ፤ እያንዳንዱ መስኮት ላይ ፊት በፊት ላይ ይበራል። ጎማ አልጨሰም፤ ሰንሰለትም አልተንጠለጠለም። እነዚህንም አይቷል።

የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ መጀመሪያ ግንዱን አንሥቶ መንገዱን ለባለጋሪዎቹ ከፈተ። ባንዲራውን አጠፈ፤ ጎጆው ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ወጣና ዘለለ። እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ፣ እንደገና፣ እንደገና እየዘለለ ወደ እኛ መጣ። አራተኛው ጎል ሲገባ ክምሩ ሥር ቆሞ ነጠላችን ሲዘረጋ በቀጥታ አየው። ስለ አራተኛው ግን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ያን ማታ አቃቂ ከዳር እስከ ዳር ጨፈረ። ሰቦቃ ሰው በጫነ መኪና ላይ እየዘፈነ ተመለሰ፤ ድምፁ ዘግቷል። ጋሼ ደበላ በርጩማውን ይዞ ሮጠ።

«ተቀመጥና ንገረኝ። ፀሐይ ነበር? ከጎንህ ማን ነበር? ሦስተኛው ሲገባ እንዴት ነበር?»

ሰቦቃ እግሩን ዘርግቶ አቀረቀረ። «ሦስተኛው ላይ ሰው ሁሉ ተነሣ» አለ። «እኔ መነሣት አልቻልኩም። ያየሁት የአንድ ወፍራም ሰውዬ ካፖርት ነው።»

ጠጄ ሳቋ ሲመጣ ማድጋዋ መሰበሩን ረሳችው።

ሰኞ ዕለት የጣቢያው ሹም ጋሼ ደበላን አስጠርቶ ባቡሩን ያቆመው ምን እንደሆነ ጠየቀው። «ባለቤቴ ናት» አለው። ሹሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ዳግመኛ ነጠላዋን ይዛ ሐዲድ አጠገብ እንዳላያት» ብሎ አሰናበተው። እትዬ መሰለች ከዚያ ወዲህ ሐዲድ ስታቋርጥ ነጠላዋን በወገቧ ትታጠቅ ነበር።

ቀኖቹ ከዚያም በኋላ ቢሆን እሱን ማምለጥ አልተዉም። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲፈራረሙ የዱከምን ሐዲድ ሊያይ ተልኮ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 አበበ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ጥርሱን ሲያስነቅል ነበር። ጠጄም «ሞጆ ላኩት» ማለቷን አላቆመችም። እሱም እንደ ድሮው ከልቡ ይስቅ ነበር።

ጥር 13 በመጣ ቁጥር ሰቦቃ ራሱ በርጩማውን ተሸክሞ ይመጣል። ሰውዬው ስታዲየም ገብቶ የነበረ ነው፤ ይህን ለማያውቀው ሁሉ ይናገራል። እኛ ፊት ግን ከጎጆዋ በር ላይ ይቀመጥና የጋሼ ደበላን ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠይቃል።

«እስቲ ንገረኝ፤ ሦስተኛው እንዴት ነበር?»

ጋሼ ደበላ ጢሙን ይዞ አያስብም። «መጀመሪያ ያየኋት ልጅ የታቀፈች ሴት ናት» ብሎ ይጀምራል።